ወለሉ ላይ የተጻፈው ይነበብ

ለተሳላሚዎች ጉዞ አዘጋጅ ቢሮ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ከፕሮግራም ስለተሰረዙት የአርመን ቅርሶችና ስለ አዲሱ የአስጎብኚዎች መመሪያ

ክቡራን፣

ሰላምታችንን እናስቀድማለን። እኛ በኢየሩሳሌም አማርኛ ተናጋሪ ተሳላሚዎችን የምናስጎበኝ ሰዎች ነን። ከቢሮአችሁ ጋር በውል እንሠራለን። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ደረሰን። አንዱ የዘንድሮው የጉዞ ፕሮግራም ነው። ሌላው «የአስጎብኚዎች መመሪያ» የሚል 34 ገጽ መጽሐፍ ነው። ከፕሮግራሙ ላይ የአርመኖቹ የወፎች ወለል የሚባለው ጥንታዊ ሞዛይክ ተሰርዟል። በቦታው «ነፃ የገበያ ሰዓት» ገብቷል። መመሪያው ላይ ደግሞ ወለሉ አለ፤ የአርመን መሆኑ ግን የለም።

ሁለት ጊዜ በቃል አመለከትን። ሁለቱንም ጊዜ «ይታያል» ተባልን። እስካሁን የታየ ነገር የለም። ስለዚህ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድን። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ መመሪያውም እንደዚያ ስለሚቆጥር ለማመሳከር ይቀላችኋል።

ቦታውን ያላያችሁ ትኖራላችሁና ከዚያ እንጀምር። ተሳላሚዎቻችን ጠዋት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ያስቀድሳሉ። ከዚያ በነቢያት ጎዳና ቁልቁል ወደ ደማስቆ በር እንወርዳለን። ሙስራራ የሚባል ሰፈር ላይ፣ ከበሩ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ክፍል አለ። በሩ እንዲከፈትልን ቀድመን እንደውላለን። ሲገቡ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ባዶ ግድግዳ ነው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሥዕል ይፈልጋል። «ወደ ታች እዩ» እንላቸዋለን።

ከታች ጋን አለ። ከጋኑ ግራና ቀኝ ሁለት ጣዎሶች ቆመዋል። ከጋኑ አፍ የወይን ሐረግ ይወጣና ወለሉን በሙሉ ይሸፍናል። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ገደማ፣ ወርዱ አራት ሜትር ገደማ ነው። ሐረጉ እየተጠማዘዘ ክብ ይሠራል። በየክቡ ውስጥ ወፍ አለ፤ ወይም የወይን ዘለላ። ዳክዬ አለ፣ ርግብ አለ፣ ንስር አለ። መሀል ላይ አንዲት ወፍ ቅርጫት በመሰለ ጎጆ ውስጥ ተዘግታለች። ይህ ሁሉ የጣት ጥፍር በሚያካክሉ ድንጋዮች የተሠራ ነው። ከላይ፣ በራስጌው በኩል፣ ጽሑፍ አለ። ፊደሉ የአርመን ነው። እንዲህ ይላል፦ ስማቸውን እግዚአብሔር ለሚያውቃቸው አርመኖች ሁሉ መታሰቢያና መዳን።

ወለሉ የተገኘው በ1894 ነው። ከሥሩ ዋሻ አለ፤ ዋሻው ውስጥ የሰው አጥንት ነበር። መቃብር ላይ የተሠራ ጸሎት ቤት ነው። ዘመኑ 5ኛው ወይም 6ኛው መቶ ዘመን ይባላል።

አሁን መመሪያችሁ ገጽ 11 ላይ ያለውን እንመልከት። «የቢዛንታይን ወለል፤ የባለጸጋ ቤት ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ይኸው ነው። አንድ መስመር። ጽሑፉ አልተጠቀሰም። አርመን የሚል ቃል የለም። የሟቾች መታሰቢያ ሆኖ የተነጠፈ ወለል የሀብታም ሳሎን ሆኖ ቀረ።

እውነት ለመናገር «ቢዛንታይን» የሚለው ቃል ባዶ ስሕተት ነው አንልም። ኢየሩሳሌም ያኔ በዚያ መንግሥት ሥር ነበረች። የወይን ሐረጉና የክቡም አሠራር በአገሩ የታወቀ ነው። የሱ ዘመድ የሆነ ወለል በጋዛ አቅራቢያ ሸላል ላይ በ1917 ተገኝቷል፤ የአውስትራሊያ ወታደሮች ነቅለው ወስደውት ዛሬ ካንቤራ ነው። ስለዚህ ጠጠሩን የደረደረው እጅ የአካባቢው ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ግን ያሠራው ማን ነው? ለማን ነው የተሠራው? እሱን ወለሉ ራሱ ጽፎታል። ጽፎ የተናገረን ሰው «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መተርጎም ምን ይባላል?

ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። አርመን በ387 ለሁለት ተከፍላለች፤ ትንሹ ድርሻ ለሮም፣ ትልቁ ለፋርስ። በ428 በፋርሱ በኩል የቀረው የአርመን ንጉሥ ወረደ፤ መንግሥቱም አለቀ። ስለዚህ ያ ወለል ሲነጠፍ አብዛኛው የአርመን አገር ከቢዛንታይን ግዛት ውጭ ነበር። ንጉሥም አልነበራቸውም። የነበራቸው ፊደል ነው። መስሮፕ ማሽቶትስ የሚባል መነኩሴ በ405 ገደማ 36 ፊደል ቀርጾላቸዋል። መጀመሪያ የጻፉበት ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፈ ምሳሌ መግቢያ ነው፤ «ጥበብንና ተግሣጽን ለማወቅ» የሚለው። ሁለት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያው ፊደል ተጉዞ ኢየሩሳሌም ወለል ላይ ተገኘ። እኛ ለተሳላሚ የምንነግረው ይህንን ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።

አሥራ ሁለት ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። አንድ ባልደረባችን ባለፈው የጥምቀት ጉዞ እዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ በማዘግየቱ ለሁለት ሳምንት ከሥራ ታግዷል። ደብዳቤው «ከመመሪያ ውጭ ገለጻ» ይላል። ያዘገየው ምን እንደሆነ እንንገራችሁ። ከቡድኑ ውስጥ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ጽሑፉ ጋ ሲደርሱ ተንበረከኩ። በጣታቸው እየጠቆሙ «ሀ! ይኸው ሀ! ይኼ ደግሞ በ ነው!» አሉ። እውነትም የአርመኑ «ስ» ቁርጥ የእኛን «ሀ» ይመስላል። ሌላው ፊደላቸው ደግሞ የእኛን «በ»። ባልደረባችን ቅርጹ እንጂ ድምፁ አንድ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከረ። እማሆይ ግን አልተቀበሉም። «አንተ ልጅ፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው የመነኮስኩት?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ እያንዳንዱ ጎንበስ እያለ «ሀ» መፈለግ ጀመረ። ያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ነጥባችን መመሪያው ስለ አርመኖች በጠቅላላ የሚለው ነው። ገጽ 19 ላይ «አርመኖች ከ1915 በኋላ በስደት ወደ ኢየሩሳሌም መጡ» ተብሏል። ያኔ ብዙ ስደተኛ መጥቷል፤ ልክ ነው። የእኛ አገር ሰውም ይህን ታሪክ በሌላ በር ያውቀዋል። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የዚያ ስደት ወላጅ አልባዎች ነበሩ። ግን አመጣጡ ያኔ ተጀመረ ማለት ሌላ ነገር ነው። ደብረ ዘይት ተራራ ላይ፣ ዛሬ የሩሲያ ገዳም ባለበት፣ የአርመን ሞዛይኮች በ19ኛው መቶ ዘመን ተገኝተዋል። አንዱ የሴት መቃብር ነው። «የአርታቫን እናት የብፅዕት ሹሻኒክ መቃብር» ይላል። ወሩንና ቀኑንም ጽፏል፤ ሆሪ 18። ዓመቱ የለም። ቀኑን የጻፉት ለተዝካር ይመስለናል፤ የእኛም ሰው ዓመት ይረሳል እንጂ የእናቱን ቀን አይረሳም። ሹሻኒክ ከ1915 ቢያንስ አንድ ሺህ ዓመት ቀድማ እዚያ ተቀብራለች። ተሳላሚ ፊት ቆመን «ትናንት መጡ» ልንል አንችልም። አፋችን እምቢ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናክል፤ የሚቀጥለውን ነጥብ ያያይዝልናል። በ614 የፋርስ ጦር ኢየሩሳሌምን አጠፋ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ። የኢየሩሳሌምን የፓትርያርክ መንበር ይጠብቅ የነበረው ሞዴስቶስ መልሶ ማነጽ ሲጀምር ለአርመኑ ካቶሊኮስ፣ ማለት ለቤተ ክርስቲያናቸው አለቃ፣ ለኮሚታስ ደብዳቤ ጻፈ። ኮሚታስም መለሰ። ደብዳቤዎቹ በሰቤዎስ ስም በሚታወቀው የ7ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ውስጥ ተርፈዋል። የአርመን ተሳላሚዎች እንደገና ወደ ኢየሩሳሌም መምጣታቸው እዚያ ተነሥቷል። እንግዲህ ይህ ኮሚታስ በ618 ምን እንደሠራ ብትጠየቁ? የቅድስት አርሴማን ቤተ ክርስቲያን።

አዎ፣ የእኛዋን አርሴማ። አርመኖች ህሪፕሲሜ ይሏታል።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ እሷ ነው፤ ከሁሉም የከነከነንም ይኸው ነው። ባለፈው መስከረም ቢሮአችሁ «የቅድስት አርሴማ ጉዞ ወደ አርመን አገር» ብሎ 19 ሰው ይዞ ሄዷል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ከእኛ አንዱ በአስተርጓሚነት አብሮ ሄደ። ለመስከረም 29 እንዲደረስ ታስቦ ነው የተወጣው፤ ስንክሳራችን የሚያስባት ያን ቀን ነው። የአርመኖቹ በዓሏ ሌላ ጊዜ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ብሎ ነበር። እንዲያውም ተመቸን። ነጠላ የለበሰው ሁሉ ለብቻው ገባ።

ቫጋርሻፓት ነው ከተማው። ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ድርቅ ያለ የድንጋይ ኩብ ይመስላል። በየጎኑ በሦስት ማዕዘን ወደ ውስጥ የተቦረቦሩ ረጃጅም ጥልቅ ጥላዎች አሉት። ውስጡ ሲገባ ግን ኩቡ ይጠፋል። አራት ግማሽ ክቦች በአበባ ቅርጽ ይከፈታሉ፤ ከላይ ጉልላቱ ይንሳፈፋል። ያ ድንጋይ ከቆመ 1,400 ዓመት አልፎታል። ከመሠዊያው ሥር መቃብሯ አለ። በጠባብ ደረጃ ይወረዳል። ከቡድኑ አንድ አባት ወርደው ሲወጡ ዝም አሉ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሌሎቹ ተራ ይጠብቁ ነበር። በዚህ መሀል ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። በፕሮግራሙ ላይ ለዚህ ቦታ የተሰጠው 25 ደቂቃ ነበር። 19 ሰው፣ አንድ ጠባብ ደረጃ፣ 25 ደቂቃ። ሰባቱ ሳይወርዱ ወደ አውቶቡስ ተመለሱ። ከነሱ አንዷ ለዚህ ጉዞ ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመች እህት ናት።

የቸኮልነው ወዴት ነበር? የሬቫን፣ ኮኛክ ፋብሪካ ጉብኝት። ፕሮግራሙ አሁንም እጃችን ላይ አለ። በጽጌ ጾም ላይ ያሉ መነኮሳትን ይዘን ስለ በርሜል ገለጻ ሰማን። አስተርጓሚያችን «እርጅናው በዓመት ይቆጠራል» የሚለውን ሲተረጉም አንዲት እማሆይ «የኔን ይሆን?» አሉ። ዛሬ እንስቃለን። ያን ቀን ግን አልሳቅንም።

ፋብሪካው የገባው በማቴናዳራን ቦታ ነው። ማቴናዳራን የሬቫን ያለው የብራና መጻሕፍት ቤት ነው። እዚያ የኤጭሚያዚን ወንጌል ይቀመጣል። መጽሐፉ የተጻፈው በ989 ነው። ከኋላው ግን አራት ጥንታዊ ሥዕሎች ተጠርዘዋል፤ ዘመናቸው 6ኛው ወይም 7ኛው መቶ ዘመን ነው። ብሥራተ ዘካርያስ፣ ብሥራተ ማርያም፣ የሰብአ ሰገል ስግደት፣ ጥምቀት። ሽፋኑም የ6ኛው መቶ ዘመን የዝሆን ጥርስ ነው። ለእኛ ሰው ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ሌላ ገጽ ነው። አራቱን ወንጌላት ከሚያስተያዩት ከአውሳብዮስ ሰንጠረዦች መጨረሻ በዓምዶች ላይ የቆመች ትንሽ ክብ ቤት ተስላለች። ይህች ቤት አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ባለው ወንጌልም አለች። የገሪማው ብራና በካርቦን ሲለካ ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መካከል ወጥቷል። ማን ከማን ቀዳ የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወው። ሁለቱም ከአንድ የቆየ ናሙና የወረሱት ይመስላል። ከትግራይ የመጡ ሁለት ቀሳውስት በቡድኑ ውስጥ ነበሩ። ያችን ገጽ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? አላየንም። ኮኛክ አየን።

ዝቫርትኖትስንም በመስኮት ነው ያለፍነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ስም ከእሱ የተወሰደ ነው። ካቶሊኮስ ኔርሴስ ሦስተኛው በ7ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት ክብ ካቴድራል ነበር። ከወደቀ ሺህ ዓመት ቢሆነውም ንስር የተቀረጸባቸው የዓምድ ራሶች ዛሬም አሉ። በዚህ ብዙ አንከራከርም፤ ጊዜ ያጥራል፣ ይገባናል።

አንድ ስሕተት ግን በዝምታ አይታለፍም። የመመሪያው ገጽ 27 ላይ በሰሜን አርመን ከምትገኘው ከኦድዙን መንደር የመጣ የድንጋይ ሐውልት ፎቶ አለ። ቅዱሳን የተቀረጹበት ረጅም ሐውልት ነው። በአንዱ ጎን ሰውነቱ የሰው፣ ራሱ የእርያ የሆነ አካል ይታያል። ከፎቶው ሥር «የአረማውያን አምላክ» ተብሎ ተጽፏል። ክቡራን፣ ይህ ድርጣድስ ነው! አርሴማን የገደለው ንጉሥ። በኋላ መልኩ ወደ እርያ የተለወጠውና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ከጉድጓድ ወጥቶ የፈወሰው። ይህን ታሪክ ለማወቅ የሥነ ጥበብ ምሁር መሆን አያስፈልግም። መስከረም 29 ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ልጅ ይነግራችኋል። አርመኖቹ በክርስቶስ ያመነውን የመጀመሪያውን ንጉሣቸውን ከነእርያ ራሱ ድንጋይ ላይ ቀርጸው አቆሙት። የንጉሥን ውርደት በአደባባይ የሚያቆም ሕዝብ ብዙ የለም። እኛ በበኩላችን ይህን ለመንገር ጓጉተን ነበር። በእጃችን የተሰጠን ወረቀት ግን ጣዖት በሉት ይለናል።

መመሪያው ከሌላ ቋንቋ እንደተተረጎመ ያስታውቃል። ተርጓሚው ላይ አንፈርድም፤ የተሰጠውን ነው የተረጎመው። የእኛ ጥያቄ ከመታተሙ በፊት ለምን አንድ አስጎብኚ እንኳ እንዳላየው ነው። ከመካከላችን አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ ጠጥቶ ሁሉንም ያርመው ነበር።

ስለ ገበያ ሰዓቱም በግልጽ እንነጋገር። ሱቁ ለቢሮው ኮሚሽን እንደሚከፍል እናውቃለን። ለእኛም ትንሽ ይደርሰናል፤ እሱን አንደብቅም። ተሳላሚውም መስቀልና ዕጣን መግዛት ይፈልጋል፤ ለቤተሰብ ባዶ እጅ አይገባም። ግን ገበያው ማታ ሆቴል አጠገብም አለ። የወፎቹ ወለል ሌላ ቦታ የለም። «ሰው የሚመጣው ለጎልጎታ ነው» ተብለናል። እውነት ነው፣ ለጎልጎታ ነው የሚመጣው። ጎልጎታንም የሰረዘ የለም። እኛ የጠየቅነው ከሱቁ ላይ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የሙስራራው ወለል ወደ ፕሮግራሙ ይመለስ። 40 ደቂቃ ይበቃናል፤ ከገበያው ሰዓት ይቀነስ።

የመመሪያው ገጽ 11፣ 19 እና 27 ይታረሙ። ወለሉ «የአርመን» ይባል፤ ጽሑፉም በአማርኛ ሙሉው ይግባ። እንደገና ማሳተም ውድ ከሆነ የማረሚያ ወረቀት ይለጠፍበት። ወረቀቱን እኛ ጽፈን እንሰጣለን፣ በነፃ።

የመጪው መስከረም የአርሴማ ጉዞ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ለሁለት አስጎብኚዎች ይታይ። በአርሴማ ቤተ ክርስቲያን ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይሰጥ። ማቴናዳራን ይግባ። ኮኛኩ ይቅር።

ባለፈው ጊዜ ሳይወርዱ የተመለሱት ሰባት ሰዎች በቢሮው ስም ይቅርታ ይጠየቁ። መልሶ መሄድ ለማይችሉት ቢያንስ ደብዳቤ ይጻፍላቸው። አድራሻቸው በቢሮአችሁ መዝገብ አለ።

የታገደው ባልደረባችን እግዱ ከፋይሉ ይሰረዝለት፤ የተቆረጠበት የሁለት ሳምንት ክፍያም ይመለስለት። ጥፋቱ ወለል ላይ የተጻፈውን ማንበቡ ብቻ ነው።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። የትንሣኤው ቡድን ከመግባቱ በፊት ቢደርሰን የጸሎት ቤቱን በር የሚከፍቱልንን ሰዎች ቀድመን ለመደወል ይመቸናል።

ከአክብሮት ጋር፣

በኢየሩሳሌም የአማርኛ ተናጋሪ ተሳላሚዎች አስጎብኚዎች፣
እና ወደ አርመን አገር በተደረገው ጉዞ አስተርጓሚ የነበረው ባልደረባቸው